ከአጥሩ ውጭ ያለው ዝግባ

አዲስ አበባ፣ መስከረም 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለእማሆይ ወለተ ሐና፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰዎ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ዳገቱስ? ቅባቱን በጋሽ ደርቤ እጅ ልኬአለሁ። የገዳሙን እህል ጭኖ ሲመጣ ከጆንያው ላይ ሳይሆን ከኪሱ እንዲያወጣው አደራ ብዬዋለሁ። ደግሞ ለሌላ መነኩሴ እንዳይሰጡት፤ አውቅዎታለሁ። አባባ ደህና ነው፣ እጅ ነስቷል። እኔም ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ከደስታዬ ብዛት አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል።

«ተመርቀሽ ቤት መዋል አልሰለቸሽም ወይ?» ብለው ለጠየቁኝ ይኸው መልሱ፦ ሥራ ይዣለሁ! ግቢና መናፈሻ ከሚነድፉት ከኢንጂነር ኅሩይ ቢሮ ገብቻለሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ የት እንደሆነ ቢገምቱ አይደርሱበትም። ፋኑኤል! የራሳችን የወይራ አፋፍ ፋኑኤል! እማዬ ከሞተች በኋላ እርስዎ ጎጆ ውስጥ ያደግሁበት፣ ከመቃብር መቃብር እየዘለልኩ ስንቴ የተቆጡኝ እዚያ ግቢ፣ አሁን በደመወዝ «ግቢ» ተብያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንገዱ ሊሰፋ ነው። ደብሩ ደግሞ እስከዛሬ የረባ ካርታ የለውም፤ የት ድረስ እንደሆነ ሁሉም ሰው ስለሚያውቅ ማንም አልጻፈውም። አሁን እኛ የምናሰምረው መስመር ካርታ ሆኖ ይጸድቃል። ከመስመሩ ውስጥ ያለው የደብሩ ሆኖ ይኖራል፣ ከመስመሩ ውጭ ያለው የመንገዱና የመኪና ማቆሚያው ነው። ያን መስመር የማሰምረው ደግሞ እኔ ነኝ!

ኢንጂነር ኅሩይ፣ «አጥሩን ተከተይ፣ ሌላ ፍልስፍና አታምጪብኝ» ነው ያሉኝ። ተከተልኩ። ግን ከአጥሩ ውስጥ ያለውን አንድም አላስቀረሁም። ጥዶቹ አሉ፣ ቤተልሔሙ አለ፣ የእማዬ መቃብር አለ፣ የእርስዎ ጎጆም አለች። ሥዕሉ ሙት እንዳይመስል ትንንሽ ሰዎች ጨምሬበታለሁ፤ ጥላ ሥር የተቀመጡ፣ ደረጃ የሚወጡ፣ ግድግዳ የሚሳለሙ። አንዱን ቅጂ ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ። ከታች በቀኝ ጥጉ ላይ ስሜ አለ። በአጉሊ መነጽር ቢሆንም ይፈልጉት።

ስለ ቤታችን የኮክ ዛፍ ጠይቀውኝ ነበር። ክረምቱ ዘንድሮ በጣም ከባድ ነበር እማሆይ።

ልጅዎ ትርሲት መኩሪያ


ጽርሐ ብርሃን ገዳም፣ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ትርሲት፣

እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ቅባቱ ደርሷል። ለእማሆይ አጸደ ሰጠኋት፤ የሷ ጉልበት ከኔ ይብሳል። አትቆጪ።

ሥዕልሽን ደጋግሜ አየሁት። መነኮሳቱም አዩት፤ «የማን ልጅ ናት?» ሲሉ አንገቴን አቀናሁ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። እናትሽን በቦታዋ አገኘኋት። ጎጆዬንም አገኘኋት፤ እኔ እያለሁባት እንዲህ ቀጥ ብላ ቆማ አታውቅም ነበር።

አንድ ነገር ግን አጣሁ። ከበሩ በስተግራ፣ ከአጥሩ ውጭ፣ ያየሁት ነጭ ወረቀት ብቻ ነው። ዝግባው የታለ?

ትርሴ፣ በወርሽ ጊዜ የት ቆመሽ ነበር የምታስቀድሺው? አራስ ሁሉ ልጇ ክርስትና እስኪነሣ ታቅፋው የምትቆመው የት ነው? ሌሊት ሕልም የመታቸው ጎረምሶች ጠዋት ስልክ የሚያናግሩ መስለው የሚደገፉትስ የምን ግንድ ነው? አንቺ ራስሽ ሰማንያ ቀንሽ እስኪሞላ እናትሽ ይዛሽ የቆመችው እዚያ ጥላ ሥር ነው። እኔ ነበርኩ ጃንጥላ የያዝኩላት። መግባት ያልቻለ ሰውም እኮ ፋኑኤልን ሊሳለም ነው ከቤቱ የወጣው። ያን ቦታ ለመኪና ከሰጣችሁት እነሱ ምን ሊሆኑ ነው?

ጧፍ ሻጯ ዘርፌ አሁንም ከዛፉ ሥር ናት? አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ግን ሄደሽ እሷንም አነጋግሪያት።

ስለ ኮኩ ጠየቅሁሽ እንጂ ስለ ክረምቱ አልጠየቅሁሽም።

አክስትሽ ወለተ ሐና


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለእማሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? ቅባቱን መስጠትዎን ሳላነብ አልፌዋለሁ። ሌላ ልኬአለሁ።

ደብዳቤዎን ታክሲ ውስጥ ነው ያነበብኩት፤ አፍሬ መስኮቱን ከፈትኩ። እዚያ ጥላ ሥር ስንት ጊዜ ቆሜአለሁ! ሥዕሉን ስሠራ ግን አንድ ጊዜም ትዝ አላለኝም። ከአጥሩ ውጭ ስለሆነ ብቻ! ከታክሲው ወርጄ በቀጥታ ኢንጂነር ኅሩይ ዘንድ ገባሁ።

«ዝግባው ቀርቷል» አልኳቸው።

«የቱ ዝግባ?»

«ከበሩ በስተግራ ያለው። ከአጥሩ ውጭ።»

«ከአጥሩ ውጭ ካለ እኮ አልቀረም፤ የኛ አይደለም። ከተማው ውስጥ ያለውን ዛፍ ሁሉ ልትሰበስቢ ነው እንዴ?»

አልተውኳቸውም። ዛፉን የተከለው፣ ሥሩን የሚጠርገው፣ አጥር ሆኖ የቆየው ደብሩ ነው ብዬ ሽማግሌዎች ይዤ ክፍለ ከተማ ድረስ ሄድኩ። ስንት ቢሮ እንደወጣሁና እንደወረድኩ አልነግርዎትም፣ ጫማዬ ይናገራል። እና ምን ሆነ መሰልዎት? ተፈቀደ! አጥሩ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ዝግባው ወደ ውስጥ ይገባል። ማንም አይነካውም። የመንገዱ ሥራ እስኪያልቅ ለጊዜው የቆርቆሮ አጥር ተተክሏል፤ ዛፉ ከቆርቆሮው ወዲህ ሆኖ ብቅ ሲል እንዴት ያምራል!

አስተዳዳሪያችን መልአከ ገነት ወሬውን ከቅዳሴ በኋላ ሲያሰሙ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። «ቅጥራችን ሰፋ!» ተባለ። ስሜም ተጠራ እማሆይ፣ በድምፅ ማጉያ! መሬት ውስጥ ልገባ ነበር፤ ግን ልዋሽዎት አልችልም፣ ደስ ብሎኛል።

እትዬ ዘርፌን አነጋግሬያታለሁ። ደህና ናት። እንኳን ደስ ያለሽ ስላት ጧፏን ቅርጫት ውስጥ እየደረደረች «እሰይ ልጄ» ብላኝ ዝም አለች። ቦታዋ ስለሚነካ ይሆናል። ከበሩ ወዲያ ሌላ ጥግ እንፈልግላታለን።

ሌላውን ሁሉ በሚቀጥለው እጽፍልዎታለሁ። አባባ ሰላም ብሎዎታል።

ልጅዎ ትርሲት


ጽርሐ ብርሃን ገዳም፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

ዛፉ ገባ አልሽኝ። ደስ ብሎኝ «ተመስገን» ብዬ ተነሣሁ፤ ከዚያ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ትርሴ፣ ዛፉስ ገባ። ሴቶቹስ?

ዛፉ ከአጥር ውስጥ ከሆነ እኮ ቅጥር ግቢ ሆነ። ቅጥር ግቢ ከሆነ በዚያ ቀን መግባት የማትችል ሴት እንዴት አድርጋ ከሥሩ ትቁም? ቦታውን ለነሱ ብለሽ አተረፍሽና ከነሱ ላይ ዘጋሽው። ዘርፌ ዝም ያለችው ለጧፏ ብላ አይደለም። በድምፅ ማጉያ ስምሽ ተጠርቶ እልል እየተባለ እንዴት ብላ ታሳፍርሽ?

እኔም ብሆን በጻፍኩልሽ ጊዜ ይህን አስቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ። ሁለታችንም ቸኩለናል። የኔ መቸኮል ግን በወረቀት ላይ ቀረ፤ ያንቺ ቆርቆሮ ሆኖ ተተከለ።

ቤታችን መፍረሱን አውቃለሁ። ደርቤ እህል ብቻ አይደለም የሚያመጣው። ኮኩን ማን እንደቆረጠው አልጠይቅሽም። አባትሽ ግን የት ነው የሚያድረው? ይህን እንኳ ደብቀሽ አትለፊኝ።

ወለተ ሐና


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማሆይ፣

ሰላምታውን በኋላ እጽፈዋለሁ።

አባባ ከኔ ጋር ነው። ከከተማው ጫፍ፣ አራተኛ ፎቅ ተሰጥቶናል። ውሃው ይመጣል፣ መብራቱ አለ፣ ደህና ቤት ነው፤ አባባ ግን ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ላይ ቆሞ ደብሩን ይፈልጋል። አይታይም። «ከዚያ ሕንጻ ጀርባ ነው» እለዋለሁ፣ እሱም እሺ ይለኛል። ያልጻፍኩልዎት ከገዳሙ ወጥተው እንዳይመጡብኝ ፈርቼ ነው። መምጣትዎን ፈልጌ እንደሆነም አላውቅም። ሰፈሩ ፈርሶ ጎረቤቱ ሁሉ ተበትኗል፤ ግማሹ በምሥራቅ፣ ግማሹ በደቡብ። አሁን የምንተያየው በፋኑኤል በዓል ብቻ ነው። የምንገናኝበት ቦታም፣ ይገርምዎታል፣ እዚያው ዝግባው ጋ ነበር። የሚገባውም የማይገባውም መጀመሪያ እዚያ ቆሞ ሰው ይጠብቃል።

ትናንት የዓመቱ ንግሥ ነበር። እኔም መግባት የማልችልበት ቀን ሆነብኝ።

ከአውቶቡስ እንደወረድኩ እግሬ ራሱ ወደ ዛፉ ወሰደኝ። ቆርቆሮ ነው ያገኘሁት። የራሴ ቆርቆሮ! ወዲያ ማዶ ስመለከት ሴቶቹ ሁሉ ከመንገዱ ባሻገር፣ ፀሐይ ላይ፣ ከመኪና መቆሚያው ጠርዝ ላይ ተደርድረዋል። ጥበቃው «መንገድ አትዝጉ» እያለ ወዲህ ወዲያ ይገፋቸዋል። አንዷ አራስ ሕፃኗን በነጠላዋ ጠቅልላ የአውቶቡስ ጥላ ትከተላለች፤ አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ እሷም ትንቀሳቀሳለች። እትዬ ዘርፌ ጧፏን በክንዷ ይዛ መሃላቸው ናት። እሷም ቤቷ ፈርሶ ሁለት አውቶቡስ ይዛ ነው የምትመጣው።

«ነይ፣ እዚህ ጋ ቁሚ» ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«እትዬ ዘርፌ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንደዚያ ደስ ብሎሽ እያየሁሽ? ደግሞ ሰው ያልፋል ብዬ ነው። ዛፉ ይቆይ እንጂ።»

ታቦቱ ሲወጣ አላየሁትም። ድምፁን ብቻ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን፣ እኔና ጥበቃው የተባባልነውን፣ አልጽፍልዎትም፤ ሕግ ፊት አልቀረብንም፣ ይበቃል።

ዛሬ ጠዋት ኢንጂነር ኅሩይ ጋ ገብቼ አጥሩ መመለስ አለበት አልኳቸው። እርሳሳቸውን አስቀመጡና፣ «ትርሲት፣ ያን ዛፍ ወይ አስገቢልኝ ወይ አስወጪልኝ። ሦስተኛ ጊዜ ካስቀየርሽኝ ግን ሥዕሉ ላይ ስምሽ አይኖርም» አሉኝ። እማሆይ፣ ያ ስም የመጀመሪያዬ ነው።

ይጻፉልኝ። ቶሎ።

ትርሲት


አዲስ አበባ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለእማሆይ ወለተ ሐና፣

እንኳን ለጥምቀቱ አደረሰዎ። ባለፈው ያስቀረሁት ሰላምታ ከነወለዱ ይድረስዎ። አሁን ቅባት አልላኩም፤ ካልሲ ነው የላኩት። እሱንም ለእማሆይ አጸደ እንዳይሰጡ ለሷም አንድ አድርጌአለሁ።

በጋሽ ደርቤ አፍ የላኩብኝን አንድ ጥያቄ እሱ መንገድ ላይ ሦስት አድርጎት ደረሰ። «ለሽማግሌዎቹ ነገርሻቸው ወይ?» የሚለው ግን የእርስዎ መሆኑን አውቄዋለሁ። አዎ፣ ነገርኳቸው።

ሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ ነበር። መልአከ ገነት፣ ሰብሳቢው ጋሽ ተካ፣ ቄሶቹ፣ ሽማግሌዎቹ፤ ኢንጂነር ኅሩይም ነበሩ። እኔ አጥሩ ዝግባው ጋ ሲደርስ ወደ ውስጥ ይታጠፍ አልኩ። መሬቱ በካርታው ላይ የደብሩ ይሁን፣ አጥሩ ግን ዛፉን ለመንገዱ ትቶ ይዙር።

ጋሽ ተካ መነጽራቸውን አወለቁ። «ስንት ደጅ ጠንተን ያገኘነውን መሬት ራሳችን ውጭ እናስቀረው? ምክንያቱ ምንድን ነው?»

«ሴቶቹ መቆሚያ አጡ።»

«የትኞቹ ሴቶች? በሩ ለሁሉም ክፍት ነው።»

«መግባት የማይችሉት።»

«ለምንድን ነው የማይችሉት?» አሉ ኢንጂነር ኅሩይ። የእውነታቸውን ነው፤ አልገባቸውም። ቄሶቹ አንገታቸውን ደፉ። አንዱ ሽማግሌ መስኮቱን ያይ ጀመር። ከነሱ አንዱ ይናገር ብዬ ጠበቅሁ። በመጨረሻ እኔው ተናገርኩት። የወር አበባዋ የመጣባት ሴት፣ አራስ፣ አንድ በአንድ። በንግሡ ዕለት እኔም ራሴ ፀሐይ ላይ እንደቆምኩ ጨምሬ ተናገርኩ። ፊቴ እንዴት እንደጋለ! ኢንጂነር ኅሩይ ሳል ያዛቸው።

ከዚያ ጋሽ ተካ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ወንዱም ይቆማል እኮ» አሉ።

«የት?» አሉ መልአከ ገነት።

«እዚያው፣ ዝግባው ጋ። እኔ ራሴ በጎረምሳነቴ ቆሜአለሁ። ካገባሁ በኋላም ቆሜአለሁ። ስልክ የማናግር መስዬ።»

«እንዴ ጋሽ ተካ! ታዲያ ያን ጊዜ ሁሉ ከማን ጋር ነበር የሚያወሩት?»

«ማን ደውሎልኝ፣ መልአከ ገነት!»

ሳቁን ቢሰሙት! አንዱ ሽማግሌ «እኔ ሞባይል ሳይመጣ በፊት ጫማ የማስር መስዬ ነበር» ብሎ ጨመረበት። ከዚያ በኋላ የሚከራከር አልነበረም። መልአከ ገነት ዕንባቸውን እየጠረጉ «ይታጠፍ» አሉ።

የክፍለ ከተማው ነገር ግን በሳቅ አላለቀም። አጥር የሌለው ቦታ አገልግሎቱ ምን እንደሆነ በካርታው ላይ ካልተጻፈ ክፍት መሬት ተብሎ ይወሰዳል አሉኝ። መቃብር አለ፣ አረንጓዴ ቦታ አለ፣ መኪና ማቆሚያ አለ፤ የኔ ቦታ የሚገባበት መደብ የለም። ቁጭ ብዬ «ደጅ መቆሚያ» ብዬ ጻፍኩበት። ወረቀቱን የምትቀበለው ልጅ አየችው፣ እኔንም አየችኝ። በኔ ዕድሜ ትሆናለች። «ይሄ ዝግባው ነው?» አለችኝ። ነው አልኳት። «ቆርቆሮው ከተተከለ ወዲህ ከፌርማታው ነው የማስቀድሰው» ብላ ፋይሌን ከክምሩ ሥር አውጥታ ከላይ አደረገችው።

ጸድቋል እማሆይ። ትናንት ቆርቆሮው ተነሣ። ለአዲሱ አጥር መስመር በኖራ ሲያሰምሩ አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ ኖራው ዝግባው ጋ ደርሶ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ አንዱ ሠራተኛ «ስህተት ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። አይደለም፣ እንደዚያ ነው አልኩት። እትዬ ዘርፌ ኖራው ሳይደርቅ ቅርጫቷን ይዛ ገብታለች። ገብታለች አልኩ? ወጥታለች ልበል? እኔም ገና አልለመድኩትም።

ኢንጂነር ኅሩይ ቃላቸውን ጠብቀዋል። የጸደቀው ሥዕል ላይ ስሜ የለም። እኔን ደግሞ የአውቶቡስ መጠለያ ሥዕል ላይ መድበውኛል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፣ መስመሩን ዓይኔን ጨፍኜ አሰምረዋለሁ። በምሳ ሰዓት ግን ካርታ የሌላቸውን ደብሮች እየዞርኩ ነው። ዛሬ አንዱ ጋ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ሦስት ሴቶች ተቀምጠው አየሁ። ማን ይለካዋል? ሁልጊዜ ይህ ነው ሐሳቤ፤ እንቅልፍ የለኝም ማለት ይቻላል።

አዲሱን ቅጂ ልኬልዎታለሁ። ከታች በቀኝ ጥጉ ላይ አይፈልጉኝ። ከበሩ በስተግራ፣ ከአጥሩ ውጭ፣ ከዝግባው ሥር አንዲት ትንሽ ሰው ቆማለች። እኔ ነኝ።

ልጅዎ ትርሲት


ጽርሐ ብርሃን ገዳም፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ትርሴ፣

ካልሲው ደርሷል። አድርጌዋለሁ፣ አሁንም እግሬ ላይ ነው፤ ደርቤን ጠይቂው።

ለአባትሽ ከዚህ የተላከውን እምነት ስጪው፤ መስኮቱ ላይ ሲቆም ይቀባው። ከሕንጻው ጀርባ መሆኑን እሱም ያውቃል፤ እሺ የሚልሽ ላንቺ ብሎ ነው።

ሥዕሉን ከጎጆዬ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። አገኘሁሽ። ነጠላ አላደረግሽም። ፋኑኤል ደጅ እንዲህ ይቆማል? በእርሳስ አለበስኩሽ።

ደግሞ ብቻዋን አቁመሻታል። ከጎንሽ አንዲት ሌላ ሴት ሳልኩ፤ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ብዙም ሴት አትመስልም። እናትሽ ናት። ሕፃን ታቅፋለች፤ ሰማንያዋ ገና አልሞላም።

እኔ ኋላዋ ነኝ። ጃንጥላዋን ይዤ።

ወለተ ሐና